ከድጃና የወረፋችን ደንብ

የከድጃን ሞት የነገረችኝ ብርቱካን ናት፤ ያውም ቢቸና ገበያ መሃል፣ ከጤፍ ነጋዴ ጋር ስከራከር። ብርቱካን ክሊኒካችን ውስጥ በጽዳት ሠራተኛነት ገብታ በኋላ ካርድ አመላላሽ የሆነች ሴት ናት። መጥፎ ወሬ ስትይዝ ከሩቅ ታስታውቃለች፤ እንደወትሮዋ አትጣራም፣ ዝም ብላ ነው የምትመጣው።

«እትዬ የሺ፣ ከድጃ አርፋለች» አለችኝ።

«የቷ ከድጃ?»

የቷ እንደሆነች አውቃለሁ። ከአንድ በላይ ከድጃ አላውቅም። ሰው ፊት መደንገጥ ስለማልወድ ነው የጠየቅኩት።

«የኛዋ ናታ! የሞጣዋ። ኩላሊቷን ታማ ለሕክምና አገሯ ገብታ ነበር አሉ። እዚያው ኮምቦልቻ ተቀብራለች፤ ሰንብቷል።»

ነጋዴው ጤፉን እየሰፈረ ጆሮውን ጥሎ ኖሮ፣ «ያቺ በኮምፒውተር ሙሽራ ልትገድል የነበረችው የወሎ ልጅ?» አለ።

ጤፉን ሳልገዛ ሄድኩ። ቤቴ ገብቼ በሬን ከዘጋሁ በኋላ የሆንኩትን ለማንም አልናገርም። ይህን የምጽፈው ግን በዚያ ነጋዴ ምክንያት ነው። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ የሰማውን ነው የደገመው። ከተማው ስለ ከድጃ የሚያውቀው ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ እሷም ውሸት ናት። ውሸቷን ማን እንደጀመራት፣ ማን ዝም ብሎ እንዳሳለፋት አውቃለሁ። ሁለቱም በሕይወት አሉ፤ ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ክሊኒኩ የአንድ በጎ አድራጎት ማኅበር ነው፤ ስሙን አልጽፍም። ቢቸና አንድ፣ ሞጣ አንድ ቅርንጫፍ አለው። እኔ የቢቸናው ካርድ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። መስኮቷ ላይ ተቀምጬ በሽተኛ እመዘግባለሁ፣ ካርድ አስወጣለሁ፣ ወረፋ አስይዛለሁ። ጠጉሬ የሸበተው እዚያች መስኮት ላይ ነው። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ጠዋት ተነስቼ የምሄድበት ቦታ እሷ ብቻ ነበረች። ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ መስኮቷ ለእኔ ምን እንደነበረች እንዲታወቅ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ልጅ እግር ነበር። አንቱ ማለት ይገባኝ ይሆናል፤ ሥራ ላይ እያለሁ አንቱ ስለው ስለኖርኩ እዚህ ይቅርብኝ። አንድ ቀን ሰበሰበንና ካርድ ክፍሉ በኮምፒውተር ሊሠራ እንደሆነ፣ ሲስተሙ ከአዲስ አበባ እንደሚገዛ፣ ዲፕሎማ ያላቸው ልጆች እንደሚቀጠሩ ነገረን።

«እኛስ?» አለች ብርቱካን።

«እናንተማ እንደየአቅማችሁ ትመደባላችሁ።»

ምን ማለቱ እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። ብርቱካን መጥረጊያዋ ይመለስላታል፤ እኔ ልብስ ማጠቢያ እገባለሁ።

ያኔ ነው ከኋላ ወንበር አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን ያወጣችው፤ ከድጃ ናት። የሁለቱም ቅርንጫፎች የኮምፒውተር ባለሙያ ተብላ ከተቀጠረች ገና ሰሞኗ ነው። ስትናገር የሻሿን ጫፍ ወደ ትከሻዋ ትመልሳለች።

«ሲስተሙን ለምን እነሱ ራሳቸው አይሠሩትም?» አለች።

«እነማን?»

«የካርድ ክፍሉ ሰዎች። እትዬ የሺ፣ አቶ ሙላት፣ ብርቱካን።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሙላት ራሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ስሜን ጠርታ መሳቂያ ያደረገችኝ መሰለኝ። ከስብሰባው ስንወጣ መንገዷን ዘግቼ ቆምኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን በደልኩሽ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ሁኚ ነው የምትዪኝ? እኔ ከስልክ ሌላ ቁልፍ ነክቼ አላውቅም።»

«ይማራሉ። ካልተማሩም ያው ልብስ ማጠቢያው አለ። ምን ይቀርብዎታል?»

እንዲህ ፊት ለፊት የሚናገረኝ ሰው ካገኘሁ ቆይቶ ነበር። ወደድኳት። አልነገርኳትም።

ሥራ አስኪያጁ ፈቀደላት። የፈቀደው ግን አምኖባት አይደለም። «ዋናው መሥሪያ ቤት ግዢውን እስኪያጸድቅ ይጫወቱ» ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ በሽተኛው ሲቀንስ እንማር ነበር። ከድጃ ስታስተምር ሁለት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ነው የምትቆመው። ስንሳሳት ከንፈሯን ትነክሳለች፣ በአንድ እግሯ ትቆማለች፣ አንዳንዴም ወደ ግድግዳው ትዞራለች፤ ኪቦርዳችንን ግን አትነካም። «ነይ በናትሽ አስተካክይልኝ» ስላት፣ «እኔ ከነካሁት የኔ ይሆናል» ትለኛለች። ደጋግማ የምትናገረው አንድ ነገር ነበር። «ኮምፒውተር እንግዳ ነው። የቤቱን ልማድ ካልነገራችሁት አያውቅም። ከነገራችሁት ደግሞ ያለ ይሉኝታ ነው የሚፈጽመው።»

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ኮምፒውተር አላስከፈተችንም። ግቢው ውስጥ ካለው ወይራ ሥር አስወጥታ ሲስተሙን በሰው አሠራችን። ብርቱካን በሽተኛ፣ እኔ የፍለጋ ቁልፍ፣ ሙላት ስም የሚቀመጥበት ሰንጠረዥ ሆንን። ብርቱካን ሆዷን ይዛ «ወይኔ! ወይኔ!» እያለች መጣች።

«ስምሽ ማን ነው?» አልኳት።

«እንዴ እትዬ፣ ብርቱካን ነኛ! ረሱኝ?»

«አያውቁሽም!» አለች ከድጃ። «እሳቸው አሁን ሰው አይደሉም፤ ቁልፍ ናቸው።»

«ቁልፍ ከሆኑ ለምን ይገላምጡኛል?»

ሙላት ከወይራው ሥር ተጋድሞ፣ «ሰንጠረዥ ምሳ ይበላል ወይስ አይበላም? እሱን አስቀድመሽ ንገሪን» አለ። መርፌ ሊወጉ የመጡ ሰዎች መርፌውን ረስተው ከበቡን። አንዲት ሴትዮ፣ «ድራማ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ሥራ ላይ ነን» አልኳት። እንዲህ ስቄ የማላውቅ ሴት፣ የዚያን ቀን እንባዬ እስኪፈስ ሳቅኩ።

ስለ ሙላት እዚህ ላይ ልናገር። ልጅነቱን ቅኔ ቤት ያሳለፈ፣ አንደበቱ የሰላ፣ ድምፁ የሚጥም ሰው ነው። የቆዩ ካርዶች የሚቀመጡበት ክፍል ኃላፊ ነበር። ከእኛ ሁሉ ቶሎ የገባው እሱ ነው፤ ይህን አልክድም። ሲስተሙን ከባዶ አልነበረም የምንሠራው። ቅጽና ሰንጠረዥ እየገጣጠሙ የሚሠሩበት ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ ነበር፤ የኛ ሥራ ደንቦቹን መጻፍ ነው። ይህ ከሆነ ያንን አድርግ፣ ካልሆነ ይህን። ሙላት እንዲህ ያለ ነገር ማሰር ይችልበታል። ከድጃ ከልቧ ታደንቀው ነበር፤ «አቶ ሙላት ቀድመው ቢማሩ ኖሮ እኔን ይቀጥሩኝ ነበር» ትላለች። ሰው ላይ የምትሳሳተው እንዲህ ነበር። ጭንቅላቱን አይታ ሆዱንም እንደዚያ ትገምታለች።

የዚያን ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን ገጠሙ። አራታችንም በባዶ ሆድ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጠን እንውላለን።

«እርስዎ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይበላሉ፤ እኔ ፀሐይ እስክትጠልቅ ነኝ» አለችኝ አንድ ቀን።

«አንቺ ማታ ሥጋ ትበያለሽ። እኔ ዘጠኝ ሰዓትም ሽሮ፣ ማታም ሽሮ ነኝ። እኩል ነን።»

«እኩል አይደለንም። እኔ ውሃም አልጠጣሁ።»

«እኔስ ጠጣሁ?»

ሙላት መሃል ገብቶ፣ «የጠገበው ሥራ አስኪያጁ ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው ሐሳባችን የማይገባው» አለ። ጨዋታ ያውቃል፤ እሱንም አልክድም።

በዚያው ጾም ውስጥ ነው የመጀመሪያው ቅጽ የሠራልኝ። ስም ጻፍኩበት፣ ዘጋሁት፣ ከፈትኩት፤ ስሙ እዚያው አለ። እንደገና ዘጋሁትና ከፈትኩት። ከድጃ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ዘወር ስል ፊቷን በሻሿ ሸፍናለች። ስታለቅስ ነበር ወይስ ስትስቅ፣ አልጠየቅኳትም። እኔም ምን እየሆንኩ እንደነበር እሷ አልጠየቀችኝም። እንዲህ ዓይነት ጨዋነት ነበራት።

ወደ ወረፋው ደንብ ልምጣ።

በእኛ አገር አዛውንት ወይም ቄስ ወረፋ ላይ ሲመጣ ብድግ ብሎ ማሳለፍ ያለ ነው፤ ደንብ ተብሎ ይጻፍ ያለ ግን አልነበረም። ሙላት፣ «ኮምፒውተሩ የቤቱን ልማድ ይወቅ ብለሽ የለም? ስልሳ ያለፈው ሁሉ ይቅደም፤ ቄስ ቢመጣ ቄስ፣ ሼክ ቢመጣ ሼክ» አለ። ሁላችንም ደስ አለን።

ከድጃ፣ «ሁልጊዜ?» አለች።

«ሁልጊዜ!» አልናት በአንድ ድምፅ።

«የፈለገውን ያህል ሽማግሌ ቢመጣ?»

«ሽማግሌ የት አለና! አልቀው!» አለ ሙላት።

ሳቀች። «እንግዲያው ጻፉት። ሰው በማይበዛበት ቀን እንሞክረውና ልማዳችሁ በኮምፒውተር ምን እንደሚመስል ታዩታላችሁ» አለች። አሁን ሳስበው ያኔውኑ ታይቷት ነበር። ነግራን ቢሆን ኖሮ ግን ደንቡ የሷ ይሆን ነበር፤ ስለዚህ እኛው እንድናገኘው ተወችን። ሙላት ደንቡን አሰረው፤ እኔ ቅጹ ላይ ገጠምኩት።

የሙከራው ቀን አልደረሰም። ሥራ አስኪያጁ ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጣሉ አለና ሲስተሙ የሚጀመርበትን ቀን በገበያ ቀን አደረገው። ከድጃ ቢሮው ድረስ ሄዳ፣ «ሁለት ቀን ብቻ ይስጡን፤ ገና አልሞከርነውም» ብላ ለመነችው። በሩ ክፍት ስለነበር ሰምቻለሁ። «ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም፤ ምን ሙከራ ያስፈልገዋል?» ነው ያላት።

የገበያ ቀን ቢቸና እንዴት እንደምትሆን የሚያውቅ ያውቀዋል። የየቀበሌው ሽማግሌና አሮጊት እህሉን ሸጦ፣ በከብቱ ዋጋ ተስማምቶ፣ እግረ መንገዱን ወገቡንም ጉልበቱንም ለማሳየት ክሊኒክ ጎራ ይላል። መስኮቴ ላይ ተቀምጬ እመዘግባለሁ፤ ስክሪኑ ስም ይጠራል። ስልሳ ያለፈው ገና ከመመዝገቡ ይጠራል። ሽማግሌዎቹ ደስታቸው ወሰን አጣ። አንድ አዛውንት ከዘራቸውን ተደግፈው ስክሪኑን እያዩ፣ «ይኼን ያሳደገው ሰው ይባረክ! ከልጆቼ ይሻላል» አሉ። እንግዶቹ ሳቁ፤ አንደኛው ፎቶ አነሳ። ሥራ አስኪያጁ ሐሳቡ ከመጀመሪያውም የሱ እንደነበር ሲያስረዳ ሰማሁት።

ጥግ ላይ ነጠላዋን ፊቷ ላይ የጣለች አዲስ ሙሽራ ተቀምጣ ነበር። ትኩሳት ይዟት በጠዋት ነው የመጣችው። አንድ ሽማግሌ በመጡ ቁጥር እሷ አንድ ወደ ኋላ ትሄዳለች። ቀድሞ በእጅ ሲሠራ መስኮቱን ከፍቼ፣ «አባቴ፣ ይቺን ልጅ እናሳልፋት፤ ፊቷ ልክ አይደለም» እላለሁ፤ እሳቸውም «ትግባ እንጂ!» ይላሉ። የዚያን ቀን ግን ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነው፤ ጠሪው እሱ ነው። ልጅቱም የሙሽራ ነገር፣ አፍራ ዝም አለች። ከሰዓት በኋላ ከአግዳሚው ወደቀች።

አልሞተችም። ወባ ነበር፤ ታክማ በማግስቱ ወጣች። ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ትስመኛለች።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተጠራን። ከእንግዶቹ አንዷ ሴት ነበረች፤ ረጋ ብላ፣ «ይህን የወረፋ ደንብ ያወጣው ማን ነው?» አለች።

ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛውን አየ። ገና ያልተሞከረ እንደነበር፣ ሁለት ቀን ተለምኖ እንደከለከለ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ሙላት፣ ያ ሁሉ አንደበት ያለው ሙላት፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «እኛ ምን እናውቃለን እመቤቴ? ያስተማረችን እሷ ናት። ንኩ ያለችንን ነካን» አለ።

ተነሳሁ። ልናገር አፌን ስከፍት ከድጃ ከኋላዬ ትከሻዬን ይዛ አስቀመጠችኝ። እጇ ቀጭን ነው፤ እንዲህ ጉልበት እንዳለው አላውቅም ነበር።

«ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለች። «እነሱ የታዘዙትን በትክክል ሠርተዋል። ሲስተሙ ይሠራል፤ የተሳሳተው የኔ ትእዛዝ ነው።»

እንግዳዋም እንደዚያው ፈረደች። ሲስተሙ ይቀጥል፣ ደንቡ ይስተካከል፣ የካርድ ክፍሉ ሰዎች በቦታቸው ይቆዩ፣ ባለሙያዋ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷት ወደ ሞጣ ትዛወር። መስኮቴ ተረፈችልኝ። ሙላት የሲስተም አስተባባሪ ተባለና የራሱ ክፍል ተሰጠው። ስለ ሙሽራዋ ሲጠየቅ፣ «የወሎዋ ልጅ ናት፤ እኛ ደረስንላት እንጂ» እያለ በየጠላ ቤቱ አወራ። ገበያ ላይ የሰማሁት የዚያ ወሬ ትርፍራፊ ነው።

ደንቡን ያስተካከልነው እኔና ብርቱካን ነን። ከሁለት አዛውንት በኋላ አንድ ከተራው ይገባል፤ መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ደግሞ ፊቱ ያላማረውን ወዲያው የሚያሳልፍበት ቁልፍ ጨመርንለት። ሙላት ያን ሳምንት ጥርሱን አሞት ነበር።

ቁጣዬ ግን በሙላት ብቻ አልነበረም። በከድጃም ነበር። ክረምቱ እንዳለፈ በሚኒባስ ሞጣ ሄድኩ። ክሊኒኩ ውስጥ ከአንድ ጥበቃና ከአንዲት ልብስ አጣቢ ጋር ግቢ ውስጥ ቆማ አገኘኋት፤ ጥበቃው ሆዱን ይዞ ያቃስታል።

«የነገርኳችሁ እትዬ የሺ እኚህ ናቸው! የቢቸናውን የሠሩት!» አለች። ጥበቃው ማቃሰቱን ትቶ ወንበር አመጣልኝ።

አልተቀመጥኩም። «ማን ጠየቀሽ?» አልኳት።

«ደህና ዋሉ እትዬ የሺ።»

«ደህና አልዋልኩም። እኔ አፍ የለኝም? የሠራሁትን ሠራሁ ማለት አቅቶኝ ነው አንቺ የምትሸከሚልኝ?»

ሁለቱን ሰዎች በዓይኗ አሰናበተችና፣ «ቢናገሩ ኖሮ ምን ይሉ ነበር?» አለችኝ።

«ደንቡ የኛ ነው፣ ሐሳቡ ደህና ነው፣ ገደብ ነው ያጣው፣ እናስተካክለዋለን እል ነበር።»

«እነሱስ? ያልተማረ ሰው ሲስተም ሲሠራ ይኸው ብለው በማግስቱ ዲፕሎማ ያላቸውን ያመጡ ነበር። እኔ አጠፋሁ ስል ግን አንዲት ባለሙያ ተሳሳተች፣ አለቀ። እኔ ሌላ ቦታ እመደባለሁ። እርስዎ የት ይመደባሉ?»

«ስምሽስ?»

«ስሜ ገና ልጅ ነው፤ ያገግማል።»

ሻይ አስመጣችልኝ። ጠጣሁ። ስለ ቁልፋችን ነገርኳት፤ ጥበቃውን ጠርታ ሁለተኛ አስነገረችኝ። አላመሰገንኳትም። ሳላስፈቅዳት ውለታ የሚጥልብኝን ሰው አላመሰግንም፤ እሷም እንዳላመሰግናት አውቃ ነበር መሰለኝ፣ መኪና ድረስ ሸኝታኝ ስለ መንገዱ ጭቃ ብቻ ነው ያወራችኝ። ከዚያ በኋላ አላየኋትም። መንገዱም እየተዘጋ፣ ስልኩም እየጠፋ፣ ዓመታቱ ሄዱ። እኔ ከመስኮቴ ጡረታ ወጣሁ። ስሟም ሳያገግም እሷ ቀደመች።

ከገበያው በኋላ ብርቱካን ከሞጣ ሰዎች የእናቷን ስልክ አገኘችልኝ። ኔትወርኩ እሺ እስኪል ደጋግሜ ደወልኩ። የደከመ ድምፅ አነሳው።

«የሺ እባላለሁ፤ ከቢቸና ነው። ስለ ከድጃ ሰምቼ ነው። አላህ ያጽናዎት።»

«ቢቸና?» አሉ። «አጥፍታ የተነሳችበት አገር ነው አይደል?»

«ማን ነው እንዲያ ያለዎት?»

«ራሷ ናታ። ተሳስቼ ሰው ሊጎዳ ነበር አለችን፤ ከዚያ ወዲያ አላወራችውም። አባቷ በፊት ለሰው ሁሉ፣ ልጄ ጎጃም ሰው ታስተምራለች እያሉ ነበር የሚያወሩት። ከዚያ በኋላ ስለ ሥራዋ አፋቸውን ከፍተው አያውቁም።»

«እመቤቴ፣ ከድጃ አላጠፋችም።»

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት።

«ምን አልሽኝ?»

«አላጠፋችም። ደንቡን ያወጣነው ሌሎቻችን ነን። እሷ ለእኛ ስትል ነው በራሷ ላይ ያወራችው።»

ከስልኩ ራቅ ብለው ባለቤታቸውን ሲጣሩ ሰማሁ። ወንበር ሲሳብ፣ ከዘራ ወለል ሲመታ፣ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር።

«ማን ልበል?» አለኝ ወፍራም የሽማግሌ ድምፅ።

«የሺ እባላለሁ፤ ልጅዎ ካስተማረቻቸው አንዷ ነኝ። የምነግርዎት ረዘም ይላል።»

«ቁጭ ብያለሁ» አሉኝ።

ከሳቁብን ስብሰባ ጀመርኩላቸው፤ የሙላትንም ስም አልዘለልኩም።